ዋልካ ጓሮ ላይ መደብና ዳስ፦ ከውሃው ይጀምሩ

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ቢቸና ነው። ጓሯችን 8 በ10 ሜትር ይሆናል። አፈሩ ጥቁር ዋልካ ነው፤ ክረምት ጫማ ይበላል፣ በጋ ይሰነጣጠቃል። ሲሚንቶ ላስፈስስ ብዬ ዋጋውን ስሰማ ተውኩት። እናቴ 70 ዓመት አልፏታል፤ ጠዋት ፀሐይ መሞቅ ትወዳለች። ግቢ ውስጥ 3 አሮጌ ጎማ፣ 5 ጀሪካን፣ አንድ የተሰነጠቀ እንስራና ከቤት ሥራ የተረፈ አጠና አለኝ። በራሴ እጅ ምን ልሥራ? ከምንስ ልጀምር?»

ምላሽ፦ ሰላም ለእርስዎና ለእናትዎ። ጎማውም፣ ጀሪካኑም፣ አጠናውም ሥራ አላቸው፤ እመለስባቸዋለሁ። ትልቁ ጥያቄዎ ግን «ከምን ልጀምር» የሚለው ነው። መልሴ አጭር ነው፦ ከውሃው ይጀምሩ። የእናትዎ መቀመጫም፣ አበባውም፣ ጎመኑም የሚጸናው የክረምቱ ውሃ መሄጃ ሲኖረው ነው። ውሃው መንገድ ካጣ የደከሙበት ሁሉ ሐምሌ ላይ ጭቃ ይውጠዋል።

ሲሚንቶውን መተውዎ በጀ። ዋልካ ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። በጋ ደርቆ ይኮማተራል። ደጀንም ሆነ ቢቸና ሜዳ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አይተው ያውቃሉ። ከሥሩ ያለው አፈር እንዲህ ከፍ ዝቅ እያለ ስስ ሲሚንቶ ሊችለው አይችልም። እኔ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ደጀን ላይ ለአንድ ቤተሰብ የጓሮ ወለል አፍስሼ ነበር። ሰኔ ላይ ጨረስኩ፤ ወለሉ ያምር ነበር። የካቲት ላይ ስመለስ ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል። አንዱ ወገን ከሌላው በጣት ውፍረት ከፍ ብሏል። የቤቱ ልጅ እየሮጠ መጥቶ እዚያ ጠርዝ ላይ ሲደናቀፍ በዓይኔ አየሁ። አፍርሼ በድንጋይ ሠራሁላቸው። ከዚያ ወዲህ ዋልካ ላይ ከአፈሩ ጋር አብሮ የሚንቀሳቀስ ወለል ብቻ ነው የምሠራው።

እንግዲህ ወደ ውሃው። ጠንከር ያለ ዝናብ ሲጥል ጃንጥላ ይዘው ጓሮ ይውጡ። ውሃው ከየት እንደሚገባ፣ የት እንደሚቆም፣ በየት እንደሚወጣ ይዩ። ዝናቡ ካባራ ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመልሰው ይውጡና ውሃ ያቆረበት ቦታ ሁሉ ላይ ችካል ይትከሉ። ይህን ሁለት ሦስት ጊዜ ካደረጉ የጓሮዎ ካርታ በእጅዎ ገባ ማለት ነው። ማንም ባለሙያ በአንድ ቀን መጥቶ ከዚህ የተሻለ አይነግርዎትም።

ቀጥሎ ፈሰስ ያውጡ። ቃሉ ለእርስዎ አዲስ አይደለም፤ የጎጃም ገበሬ ማሳው ላይ ሰያፍ አድርጎ የሚያወጣው ፈሰስ ሥራው ይኸው ነው። ለጓሮ ወርዱ 30፣ ጥልቀቱ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ከቤቱ ግድግዳ ቢያንስ 1 ሜትር ይራቅ። ጎኖቹን ቀጥ አያድርጓቸው፤ ዋልካ ቀጥ ያለ ጎን ይንዳል። ወደ ውስጥ ዘመም አድርገው ወለሉንም ጎኑንም በድንጋይ ያልብሱት።

የፈሰሱ ተዳፋት ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በ1 ሜትር ከ1 እስከ 1.5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ካለ በቂ ነው። 10 ሜትር ርዝመት ካለው ጫፉ ከመነሻው ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። ከዚያ በላይ ከሆነ ውሃው እየሮጠ ራሱ ይቦረቡረዋል። ይህን በዓይን መለካት አይቻልም። ግንበኞች ውሃ ልክ የሚሉትን በቤትዎ ይሥሩ፦ ውስጡ የሚታይ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ 12 ሜትር ያህል ይግዙ። ውሃ ሞልተው አረፋውን በሙሉ ያስወጡ። አንዱን ጫፍ እርስዎ፣ ሌላውን የጎረቤት ልጅ ይያዝ። በሁለቱም ጫፍ ውሃው የሚቆምበት ከፍታ አንድ ነው። ከዚያ መስመር ወደ መሬት በሜትር ሲለኩ የጓሮው ዝቅታ በቁጥር ይወጣል።

ውሃውን የት ይልቀቁት? መንገድ ዳር ቦይ ካለ ወደዚያ። ጎረቤት ግቢ ውስጥ ግን አይልቀቁ። ስንት ጉርብትና የተበላሸው በአንድ ክረምት ውሃ ነው። አንዳንድ ሰው ጉድጓድ ቆፍሮ ጠጠር ሞልቶ ውሃውን እዚያ ያስገባል። በደብረ ማርቆስ ቀይ አፈር ላይ ይሠራል። ዋልካ ግን አንዴ ካበጠ ውሃ አያሳልፍም፤ ጉድጓዱ ሞልቶ ኩሬ ሆኖ ይቀራል።

ከመሬቱ ዝቅተኛ ጥግ አጠገብ አፈር ቆልለው ጉብታ ላይ ኮባ ይትከሉ። እርጥበቱን ይወደዋል፤ ሥሩ ውሃ ውስጥ ካልተዘፈቀ ይሰፋል። ለድፎ ዳቦ ቅጠል ከሰው ደጅ መለመን ይቀራል።

ከጣሪያው የሚወርደውንም አይርሱት። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው። ቤትዎ 6 በ8 ቢሆንና በአንዱ ክዳን ብቻ አሸንዳ ቢያስገጥሙ 24 ካሬ ሜትር አለዎት። 20 ሚሊ ሜትር የጣለ ቀን 480 ሊትር ይወርዳል። የሚረጨውንና የሚፈሰውን ቀንሰው ወደ 400 ሊትር ይያዙት፤ ሁለት በርሜል ሙሉ ነው። የመጀመሪያውን ቆሻሻ ውሃ ያፍስሱት፤ አቧራና የወፍ ኩስ አለበት። በርሜሉን በወፍራም ድንጋይ ላይ ያስቀምጡት፣ አፉን በወንፊት ሽቦ ይሸፍኑት። ባሕር ዳርና ፍኖተ ሰላም ያላችሁ አንባቢዎች ደግሞ ይህን ክዳን ለነገ አትበሉ። ክፍት በርሜል የትንኝ መፈልፈያ ይሆናል።

አሁን ወደ እናትዎ። ቢቸና ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ ከሚያዝያ 10 ገደማ እስከ ነሐሴ 20 ገደማ ቀትር ላይ ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት። በቀረው ጊዜ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ብርዱ የሚከፋው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው፤ ያኔ ፀሐይ የምትወጣው ከደቡብ ምሥራቅ በኩል ነው። እናትዎ ከጠዋቱ 1 እስከ 4 ሰዓት ፀሐይ እንዲያገኙ ከፈለጉ መቀመጫው ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ደቡብ የሚያይ ግድግዳ ሥር ይሁን። ግድግዳው ነፋሱን ይከለክላል። ሙቀቱንም ይዞ ለጀርባቸው ይመልሰዋል።

እዚያ ቦታ ላይ ወለሉን ያዘጋጁ። 2.5 በ3 ሜትር ለመነሻ ይበቃል። 25 ሳንቲ ሜትር ቆፍረው ዋልካውን ያውጡት፤ ለአትክልቱ ይፈለጋል። ቁፋሮውን በግንቦት ወይም ከመስከረም በኋላ አፈሩ ሲጠፈጥፍ ያድርጉት። ክረምት ላይ ዶማው ላይ ይጣበቃል፤ መጋቢት ላይ ድንጋይ ነው።

እዚህ ጋ አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ጉድጓዱ ውስጥ ድንጋይ ከመጨመርዎ በፊት በተለምዶ ማዳበሪያ የምንለውን የፕላስቲክ ጆንያ ቀድደው ያንጥፉ። አንዱ በሌላው ላይ 30 ሳንቲ ሜትር ይደረብ። ውሃ ያሳልፋል፤ ጭቃውን ግን አያሳልፍም። ይህ ካልተደረገ በሁለት ክረምት ውስጥ ዋልካው በድንጋዮቹ መሃል እየተጨመቀ ወደ ላይ ይወጣል። ድንጋዩ ደግሞ ወደ ታች ይሰምጣል። ጆንያው ፀሐይ እንዳያገኘው ሙሉ በሙሉ ይቀበር።

በላዩ 15 ሳንቲ ሜትር ድንጋይ፣ 5 ሳንቲ ሜትር ጠጠር ወይም ገረጋንቲ፣ 5 ሳንቲ ሜትር አሸዋ። እያንዳንዱን በደንብ ይደልድሉት። ከዚያ ጠፍጣፋ ድንጋይ ያለ ሲሚንቶ ይደርድሩ፤ ክፍተቱን በአሸዋ ይሙሉት። ወለሉ ከአካባቢው መሬት 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይቆማል። ከቤቱ ወዲያ በ1 ሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። አንድ ድንጋይ ቢያብጥ ወይም ቢሰምጥ አንስተው አሸዋ ጨምረው ይመልሱታል። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ለሰፋፊው ድንጋይ እናትዎ የሚራመዱበትን መስመር ያስቀድሙ፤ ሽማግሌ እግር ወጣ ገባ አይወድም።

ለመቀመጫው አግዳሚ ወንበር አይግዙ። መደብ ይሥሩ። በየአያቶቻችን ቤት ያለው ያው መደብ ነው፤ ደጅ ያወጡታል እንጂ አዲስ ነገር የለውም። ከዚህ ሁሉ ሥራ እኔ በጣም የምወደውም እሱን ነው። ከእንጨት ወንበር ይሞቃል፣ አይንቀጠቀጥም፣ ምስጥ አይበላውም።

ከግርጌው 25 ሳንቲ ሜትር ድረስ ድንጋይ ብቻ ይሁን። ከወለሉ የሚረጨው ዝናብ ጭቃውን እንዳያጥበው ነው። ከዚያ በላይ ድንጋይና ጭቃ ያፈራርቁ። ጥልቀቱ 50 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ቁመቱ ለወጣት 42 ይበቃል። ለእናትዎ ከ45 እስከ 48 ያድርጉት፤ ከዝቅተኛ መቀመጫ መነሳት ለጉልበት ከባድ ነው። በአንዱ ጫፍ ደግሞ ከመቀመጫው 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ የክንድ ማሳረፊያ ይገንቡ። ሲነሱ እጃቸውን ጫን የሚሉበት ይሆናል። የፊት ጠርዙን በጠፍጣፋ ድንጋይ ይጨርሱ፤ ቀድሞ የሚፈርሰው እሱ ነውና።

ጭቃው ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ዋልካ ብቻውን አይሆንም፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ቀይ አፈር ያስመጡ። የጤፍ ጭድ ጨምረው በውሃ ያቡኩት። ከዚያ ሸፍነው ቢያንስ አንድ ሳምንት ይተዉት፤ በየሁለት ቀኑ እንደገና ይረገጥ። ጭዱ ሲበሰብስ ሽታው ይለወጣል። ጭቃውም በጣት መሃል ሲያሹት እንደ ሊጥ ይለዝባል፣ ይይዛል። ደረሰ ማለት ነው። መደቡ ላይ ከመምታትዎ በፊት ግን ሦስት ድቡልቡል ይሥሩ፦ አንዱ እንዳለ፣ ሁለተኛው ጭድ የተጨመረበት፣ ሦስተኛው አሸዋ የተጨመረበት። ጥላ ውስጥ ይድረቁ። ያልተሰነጠቀውንና በጥፍር ሲፍቁት የማይረግፈውን ይምረጡ። መጨረሻ ላይ በእበትና በስስ ቀይ አፈር ይለቅልቁት። በየዓመቱ ከመስከረም በኋላ አንድ ልቅለቃ ይፈልጋል። በላዩ አጎዛ ጣል ሲያደርጉበት ሌላ አያሰኝም።

መደቡ ዝናብ አይችልም፤ ስለዚህ ዳስ ያስፈልገዋል። አጠናዎ እዚህ ይገባል። አራት ጠንካሮቹን ይምረጡ፣ ይላጧቸው፣ ጥላ ውስጥ ያድርቋቸው። ፀሐይ ላይ የደረቀ ባሕር ዛፍ ይተረተራል። መሬት ውስጥ አይትከሏቸው። እንጨት የሚበሰብሰው ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት አንገቱ ላይ ነው። ብዙ ሰው የተቃጠለ ዘይት ይቀባዋል። እኔ አልመክርም፤ ከጎኑ ጎመን ሊተክሉ ነው፤ ያ ዘይት አፈሩ ውስጥ ይቀራል።

ይልቅ አራቱን ጀሪካኖች ይጠቀሙ። አናታቸውን ቆርጠው ይቅበሯቸው፤ አፋቸው ከመሬት 10 ሳንቲ ሜትር ወጣ ይበል። ኮንክሪት ይሙሏቸው። ሳይደርቅ በእያንዳንዱ ላይ ሁለት ፌሮ፣ የአጠናው ውፍረት ያህል አራርቀው ያቁሙ። ፌሮዎቹ ከላይ 40 ሳንቲ ሜትር ይውጡ። ሲደርቅ አጠናውን በመሃላቸው አቁመው በጥቁር ሽቦ በሦስት ቦታ ጥብቅ አድርገው ይሰሩት። ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ኮንክሪት ሲሞላ ወደ 48 ኪሎ ይመዝናል። ነፋስ ዳሱን እንዳያነሳው የሚይዘው እሱ ነው። ሲሚንቶ ካስፈለገዎት ለዚህ ብቻ ነው፤ ብዙም አይወስድም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ጀሪካኑ የፀረ አረም ወይም የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት ከሆነ ለአትክልት፣ ለውሃ፣ ለምንም ምግብ ነክ ነገር አይጠቀሙበት። አጥቤዋለሁ አይባልም። 

ለአግዳሚውና ለማገሩ ቀርከሃ ያስመጡ። ከእንጅባራ አካባቢ የሚመጣው የደጋ ቀርከሃ ለዚህ ግሩም ነው። ለጋ ቀርከሃ ግን እንዳይሸጡልዎት። 3 ዓመት ያልሞላው ነቀዝ ይበላዋል፤ ውስጡ ጣፋጭ ነው። የደረሰው አረንጓዴው ደብዘዝ ብሎ ግራጫ ነጠብጣብ ያወጣል። በጣት አንጓ ሲመቱት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። በበጋ የተቆረጠ ይሻላል። ጫፉን ከአንጓው በላይ አስጠግተው ይቁረጡት፤ አለዚያ ዝናብ እየተጠራቀመ ያበሰብሰዋል። ምስማር አይምቱበት፣ ይሰነጠቃል። በመሰርሰሪያ በስተው በገመድ ወይም በሽቦ ይሰሩት።

ከመደቡ በላይ ሁለት ሦስት ቅጠል ቆርቆሮ ይበቃል። የዳሱ ምሥራቅ ወገን ከፍ ይበል፣ የጠዋቷን ፀሐይ እንዳይጋርድ። የቀረውን ክፍል ለሐረግ ይተዉት። በቢቸና ከፍታ ዱባና የሚጠመጠም አደንጓሬ ሰኔ መግቢያ ላይ ዘርተው ያወጡታል። ቆላ ቀመስ ቦታ ያላችሁ ደግሞ ቅል ወይም ፓሽን አውጡበት።

አትክልቱን በተመለከተ፣ ዋልካ ላይ ጠፍጣፋ የአትክልት መደብ አይሁን። ሥሩ ክረምት ውሃ ውስጥ ታፍኖ ይበሰብሳል። ለእርስዎ የሚሻለው በሌሶቶ በስፋት የተሠራበት ክብ የአትክልት መደብ ነው። ስፋቱ 2 ሜትር። ዙሪያው እስከ 60 ወይም 70 ሳንቲ ሜትር በድንጋይ ይካባል። በአንድ ወገን እስከ መሃሉ የሚያስገባ 50 ሳንቲ ሜትር መግቢያ ይተዋል። መሃሉ ላይ ከቀርከሃ ፍልጥ የተሠራ፣ 40 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ ቅርጫት ይቆማል። የሽንኩርት ልጣጩን፣ የድንች ቆዳውን፣ የቡና አተላውን እዚያ ይጥላሉ። የዕቃ ማጠቢያ ውሃውንም በረኪና ከሌለበት እዚያው ያፈሱታል። ይበሰብስና ዙሪያውን ይመግባል።

ከሥሩ የበቆሎ አገዳና ጭራሮ፣ በላዩ ደረቅ ሣር፣ ከዚያ አፈር። አፈሩ ከቁፋሮ የወጣው ዋልካ አንድ እጅ፣ የተብላላ ፍግ አንድ እጅ፣ ቀይ አፈር አንድ እጅ። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ይወርዳል፤ አይደንግጡ፣ ይጨምሩበት። አመድ ግን እዚህ በገፍ አይድፉ። በእንጅባራ በኩል ያለው አሲዳማ ቀይ አፈር አመድ ይወዳል፤ ዋልካ ያን ያህል አይፈልገውም።

ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮት፣ ቀይ ሥርና ነጭ ሽንኩርት በዚህ ላይ ይሆኑልዎታል። በርበሬውን ለቡሬና ለፍኖተ ሰላም ይተዉላቸው። ቲማቲምም ክረምት ላይ በሽታ ይጨርሰዋል፤ በበጋ በመስኖ ይሞክሩት። ጤና አዳምን ግን ከእናትዎ መደብ ጫፍ ጋር ይትከሉት። ቡናው ሲቀዳ እናትዎ ሳይነሱ እጃቸውን ዘርግተው ቀጠፍ ያደርጋሉ።

ጎማዎቹ? ሁለቱን ደርበው አፈር ጠቅጥቀው በላያቸው ጣውላ ቢያስሩ ለእንግዳ ዱካ ይሆናሉ። ሦስተኛውን ከሥሩ በስተው አበባ ይትከሉበት። የሚበላ ነገር ግን ጎማ ውስጥ ባይተክሉ እመርጣለሁ። ጎማ ውስጡ ውሃ ይይዛል፤ ሳይበሱ አይተዉት። አምስተኛው ጀሪካን በጎኑ ተቆርጦ ለችግኝ ማፍያ ይሆናል። የተሰነጠቀውን እንስራ በጎኑ አስተኝተው ግማሹን ይቅበሩትና ከአፉ ኮሰረት ይፍሰስበት።

ለበጋው ውሃ ማጠጣት ግን ያልተሰነጠቀ ሸክላ ይፈልጋሉ። አምስት ስድስት ሊትር የሚይዝ ማሰሮ እስከ አንገቱ አትክልቱ መሃል ይቅበሩ። ውሃ ሞልተው በድንጋይ ይክደኑት። ሸክላው ውሃውን ቀስ እያለ ወደ አፈሩ ያልበዋል። ዙሪያውን እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ያለ ተክል ይጠጣል። በሁለት ሦስት ቀን አንዴ መሙላት ነው። ከላይ ሲያጠጡ በፀሐይ የሚጠፋው ውሃ ይቀራል፤ ዋልካውም በማሰሮው ዙሪያ ብዙ አይሰነጠቅም።

ገበያ ወጥተው ማሰሮ ሲገዙ ለሸክላ ሠሪዋ ለምን እንደሚፈልጉት ይንገሯት። በጭስ ያልጠቆረ፣ በዘይትም በጎመን ዘርም ያልታሸ ትስጥዎት። ለወጥ የታሸ ማሰሮ ቀዳዳው ተደፍኗል፤ ዓመት ቢቀበር ጠብ አያደርግም። ቤት እንደገቡ አንዱን ውሃ ሞልተው ማታ ደረቅ መሬት ላይ ያሳድሩት። ጠዋት ሆዱን ሲዳስሱት ላብ ካለው፣ ከሥሩም መሬቱ ከረጠበ፣ የቀሩትንም ከዚያችው ሴት ይግዙ።